ከማን እንሰወር? ስለ ኢንተርኔት፣ ስለ ገመናና ስለ ኅሊና

ግድግዳም ጆሮ አለው ሲሉ አበው የሚመክሩት ምላሳችንን እንድንገታ ነበር። በእነርሱ ዘመን ጆሮ የነበረው የጎረቤት ግድግዳ ነው፤ ጎረቤቱም ስሙ የሚታወቅ፣ በለቅሶና በሠርግ አብሮን የሚውል፣ ቢያማን እንኳ በሽማግሌ ፊት ልንጠይቀው የምንችል ሰው ነበር። ዛሬ በኪሳችን ይዘነው የምንዞረው ስልክ ከማንኛውም ግድግዳ ይልቅ ይሰማል፤ የሰማውንም ለማን እንደሚነግር አናውቅም፤ በሽማግሌ ፊት የምናቆመውም ሰው የለም።

በየቁምስናው በወጣቶች ስብሰባና በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ይህ ጉዳይ ሲነሣ ሁለት ዓይነት ንግግር ይሰማል። አንዱ «ኢንተርኔት ስንጠቀም የማይከታተለን ብራውዘር የትኛው ነው?» የሚል ጥያቄ ነው። ሌላው የዚህ ጥያቄ መልስ መስሎ የሚቀርብ ሲሆን «ክፉ ያልሠራ ሰው ምን የሚሸሽገው አለ?» ይላል። የመጀመሪያው ተራ የመሣሪያ ጥያቄ ይመስላል፤ ሁለተኛውም የጨዋ ሰው አነጋገር ይመስላል። እኛ ግን የመጀመሪያው ከመሣሪያ አልፎ የግብረ ገብ ጥያቄ እንደሆነ፣ ሁለተኛውም እንደሚመስለው የዋህ እንዳልሆነ በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት እንሞክራለን።

፩. ብራውዘሩ ስለ እኛ ምን ያውቃል?

ብራውዘር፣ አንዳንዶች በአማርኛ አሳሽ የሚሉት፣ በኢንተርኔት ላይ የሚገኙትን ገጾች አምጥቶ የሚያሳየን ፕሮግራም ነው። የመጀመሪያውን የሠራው እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ-ሊ ሲሆን፣ ጊዜው እ.ኤ.አ. የ1990 ዓ.ም. ማብቂያ፣ ቦታውም በጄኔቫ አጠገብ ያለው ሰርን የተባለው የፊዚክስ ምርምር ማእከል ነበር። የተሠራበትም ዓላማ የሳይንስ ሰዎች ጽሑፎቻቸውን በቀላሉ እንዲለዋወጡ ነው። ሰርን እ.ኤ.አ. በ1993 ዓ.ም. ይህን ሥራ ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለዓለም ለቀቀው። ስለዚህ ነገሩ ከመነሻው ስጦታ እንጂ ወጥመድ አልነበረም ማለት እንችላለን።

በዚያን ጊዜ ገጹን የሚልከው ኮምፒዩተር ገጹን ማን እንደጠየቀው አያስታውስም ነበር። እያንዳንዱ ጥያቄ ለእርሱ አዲስ ነው። ንግድ በኢንተርኔት ሲጀመር ግን ይህ መርሳት ችግር ሆነ፤ ደንበኛው የመረጠውን ዕቃ በዘንቢሉ ይዞ ወደሚቀጥለው ገጽ ሲያልፍ ሻጩ አያውቀውምና። እ.ኤ.አ. በ1994 ዓ.ም. ኔትስኬፕ በተባለው ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሉ ሞንቱሊ ለዚህ ችግር «ኩኪ» የተባለውን ብልሃት አወጣ። ኩኪ ድረ ገጹ በብራውዘራችን ውስጥ የሚያኖረው ትንሽ የጽሑፍ ምልክት ነው። ተመልሰን ስንሄድ ብራውዘሩ ምልክቱን ያሳያል፤ ድረ ገጹም ያውቀናል። ይህ በራሱ መልካም ነገር ነው። ያለ እርሱ በተሻገርንበት ገጽ ሁሉ የይለፍ ቃላችንን ደጋግመን መጻፍ ግድ በሆነብን ነበር።

ነገር ግን አንድ ገጽ የራሱን ጽሑፍ ብቻ አይዝም። ከሌላ ቦታ የመጣ ማስታወቂያ፣ ሥዕል፣ ለዓይን የማይታይ ነጥብ ጭምር ሊኖርበት ይችላል፤ የእነዚህም ባለቤት ምልክቱን በብራውዘራችን ያኖራል። አንድ የማስታወቂያ ድርጅት እንዲህ ያለውን ቁራጭ በብዙ ሺህ ድረ ገጾች ላይ ካስቀመጠ፣ ጠዋት ስለ ስኳር በሽታ ያነበበው፣ ቀትር ላይ ሥራ የፈለገው፣ ማታ ስለ ትዳር ችግር ምክር የጠየቀው አንድ ሰው መሆኑን ይረዳል። ስሙን ላያውቅ ይችላል፤ ሰውየውን ግን ያውቀዋል።

ኩኪውን ብንደመስስ እንኳ ሌላ መለያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተባለው ማኅበር ባሳተመው ጥናት፣ ከተፈተኑት ብራውዘሮች 83.6 በመቶ የሚሆኑት እያንዳንዳቸው በጥናቱ ውስጥ ከነበሩት ከሌሎቹ ሁሉ የሚለዩ ሆነው ተገኙ። የስክሪኑ ስፋት፣ የሰዓት ቀጠናው፣ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያሉት ፊደላት ዓይነትና ሌሎችም ጥቃቅን ነገሮች ለየብቻቸው ምንም አይናገሩም፤ ሲደማመሩ ግን እንደ ጣት አሻራ ይሆናሉ። በባዕድ አገር ከተማ የስልኩን ቋንቋ አማርኛ ያደረገ ወገናችን በዚህ ሥሌት ከብዙዎች ይልቅ ጎልቶ ይታያል፤ እርሱን የሚመስል በዚያ ጥቂት ነውና።

፪. «ክፉ ያልሠራ ሰው ምን ይሸሽጋል?»

ይህ አነጋገር የሚያርፈው በአንድ ግምት ላይ ነው፤ ይኸውም የተሰወረ ነገር ሁሉ ጥፋት ነው የሚል ነው። ቋንቋችን ግን ከዚህ ይልቅ አስተዋይ ነው። ነውር፣ ምሥጢርና ገመና የሚሉትን ሦስት ቃላት ለይቶ ያውቃል። ነውር የሚያሳፍር ጥፋት ነው። ምሥጢር ለሚገባው ሰው ብቻ የሚነገር ነገር ነው። ገመና ደግሞ ጥፋት ሳይሆን ሰው በመሆናችን ብቻ ሽፋን የሚሻው ድካማችን፣ ችጋራችን፣ ሕመማችን፣ የቤታችን ጉድለት ነው። የሰውን ገመና የሚሸፍን ይመረቃል፤ የሚገልጥ ይረገማል።

በአገራችን ቤት እንግዳ የሚቀመጥበት ስፍራ አለ፤ ጓዳም አለ። ጓዳ የሚጋረደው የተሰረቀ ዕቃ ስላለበት አይደለም። ሊጥ የሚቦካው፣ የጤፉ ማለቅ የሚታወቀው፣ ልጅ ለብቻው የሚገሠጸው፣ ባልና ሚስት የሚመካከሩት እዚያ ስለሆነ ነው። ጓዳ የሌለው ቤት ሐቀኛ ቤት አይባልም፤ ገበያ ይባላል እንጂ።

ቅዱሳት መጻሕፍትም ይህንኑ ያስተምሩናል። ኖኅ ሰክሮ ዕራቁቱን በተኛ ጊዜ ሴምና ያፌት ፊታቸውን አዙረው ወደ ኋላ እየተራመዱ አባታቸውን ሸፈኑት፤ ነገሩን ወደ ውጭ ያወጣው ካም ግን ልጁ ከነዓን ሲረገም ሰማ (ዘፍ. 9፡20-27)። የኖኅ ስካር እውነት ነበር፤ እውነት መሆኑ ግን ለማውራት ፈቃድ አልሰጠም። ቅዱስ ዮሴፍ ምሥጢሩ ገና ሳይገለጥለት እመቤታችን ፀንሳ ባገኛት ጊዜ በሰው ፊት ሊያጋልጣት አልወደደም፤ ወንጌላዊው ጻድቅ ብሎ የጠራውም በዚሁ ስፍራ ነው (ማቴ. 1፡19)። ጌታችን መስማትና መናገር የተሳነውን ሰው የፈወሰው ከሕዝቡ ለይቶ ወደ ብቻው ወስዶ ነው (ማር. 7፡33)። ስለ ጸሎት ሲያስተምርም በአደባባይ ከመታየት ይልቅ ወደ እልፍኝ መግባትንና በርን መዝጋትን አዘዘ (ማቴ. 6፡6)። በሩን የሚዘጋው ሰው ከአብ አይሰወርም፤ አብ በስውር ያያልና። የሚሰወረው ማየት ከማይገባው ዓይን ነው።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በዚህ መሠረት ላይ የቆመ ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ዓ.ም. ባወጣው ስለ ቤተ ክርስቲያን በዘመናዊው ዓለም በሚናገረው ሰነድ (ቁ. 16) ኅሊናን ሰው ከእግዚአብሔር ጋር ብቻውን የሚሆንበት እጅግ የተሰወረ መቅደስ አድርጎ ያስተምራል፤ በቁ. 26 ደግሞ የግል ሕይወት መጠበቅን ለሰው ልጅ ክብር ከሚገቡት መብቶች ጋር ይቆጥራል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ እውነትን የማወቅ መብት ለሌለው ሰው እውነትን እንድንገልጥ እንደማንገደድ ያሳስባል (ቁ. 2489)፤ የሌሎችንም የግል ሕይወት በተገቢው ቁጥብነት እንድናከብር ያዝዛል (ቁ. 2492)። የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና በቁ. 23፣ የላቲን ሕገ ቀኖናም በቁ. 220 የማንንም መልካም ስም ያለ አግባብ መጉዳትንና የግል ሕይወትን የመጠበቅ መብት መጣስን ይከለክላሉ። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ዓ.ም. ቅድስት መንበር ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያወጣችው «አንቲኳ ኤት ኖቫ» የተባለው ሰነድም ይህንኑ ጉዳይ አንሥቶ የሰው ውስጣዊ ሕይወት ሊከበርለት የሚገባ ወሰን እንዳለው ያስተምራል።

የአገራችንም ሕግ ከዚህ አይርቅም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ከማክበር ጋር በፖስታ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች የሚደረጉ ግንኙነቶች እንዳይደፈሩ ይደነግጋል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ሕግ መኖሩ ብቻውን በር አይዘጋም፤ ነገር ግን መዝጋት መብት እንደሆነ ይመሰክራል።

እንግዲህ «እኔ የምሸሽገው የለኝም» የሚል ሰው ስለ ራሱ ብቻ የሚናገር ይመስለዋል። ግቢው ሰፊ፣ አጥሩም ረጅም የሆነለት ሰው መጋረጃ ባይሰቅል ምንም አይጎድልበትም፤ ቤቷ ከመንገድ ዳር ለሆነች መበለት ግን መጋረጃዋ ክብሯ ነው። የኤች አይ ቪ ምርመራ ውጤቱን ይዞ ለማንም ሳይናገር የሚያነብ ወጣት አለ። ሳታስበው ፀንሳ ማንን እንደምትጠይቅ የቸገራት ልጅ አለች። በዓረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ፣ ስልኳን አሠሪዋ ብታየው ምን ይገጥመኝ ይሆን እያለች ዳዊቷን በስልክ የምትደግም እኅት አለች። የእነዚህ ሰዎች ዝምታ ጥፋት አይደለም። መሰወርን የጥፋተኛ ምልክት ያደረግን እንደሆነ መጀመሪያ የምናጋልጠው ደካሞችን ነው።

፫. ተገልብጦ የተሰቀለ መጋረጃ

እስካሁን ያልነው መሰወርን ሁሉ የሚያጸድቅ መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር፣ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያስተውል።

አብዛኞቹ ብራውዘሮች ዛሬ «የግል መስኮት» ወይም «ማንነት የማያሳውቅ» የተባለ አሠራር አላቸው። በአፕል ኩባንያ ሳፋሪ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. ከገባ በኋላ ሌሎቹም ተከትለውታል። ብዙ ሰው ስሙን ሰምቶ ከሁሉ የሚሰውር ይመስለዋል። በእውነቱ ግን ሥራው የተወሰነ ነው፤ መስኮቱ ሲዘጋ የጎበኘናቸውን ገጾች ዝርዝርና በዚያ ጊዜ የተቀመጡትን ኩኪዎች ከስልኩ ያጠፋል። የገባንበት ድረ ገጽ ግን መግባታችንን ያያል፤ የመሥሪያ ቤቱ መረብና የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪውም ወዴት እንደሄድን ማየት ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ በጎግል ላይ የቀረበው ክስ ስለዚሁ ጉዳይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. በተደረገው ስምምነት ኩባንያው ጥፋቱን ሳይቀበል፣ ሰዎች በዚህ መስኮት ሳሉ የተሰበሰቡትን እጅግ ብዙ መዝገቦች ለማጥፋትና ለተጠቃሚው የሚነግረውን ለማብራራት ተስማማ።

ነገሩን በኅሊና ሚዛን ብናስቀምጠው የሚያስገርም ነው። ይህ መስኮት የሚሰውረን ከማን ነው? ያንኑ ስልክ ከምትይዘው ሚስት፣ ከባል፣ ከእናት፣ ከወንድም ነው፤ ማለት ከሚወዱንና ስለ ነፍሳችን ከሚገዳቸው ሰዎች ነው። የማይሰውረንስ ከማን ነው? ከማያውቀንና ከማይወደን፣ ፍላጎታችንን ቆጥሮ ከሚሸጥ ነጋዴ ነው። መጋረጃው ተገልብጦ ተሰቅሏል። ባዕድ በሚያይበት በኩል ክፍት ሆኖ፣ ዘመድ በሚያይበት በኩል ተዘግቷል።

ፍትሕን ለመጠበቅ ይህ አሠራር መልካም ጥቅም እንዳለው መናገር ይገባናል። በኢንተርኔት ቤት ኮምፒዩተር የሚጠቀም ሰው ወጥቶ ሲሄድ ዱካውን እንዲያጠፋለት ያስፈልገዋል። በቤቷ ዱላና ዛቻ ያለባት ሴት እርዳታ ስትፈልግ ካጠገቧ ካለው ሰው መሰወሯ ተገቢ ነው፤ ለእርሷ የሚያስፈራው ቅርብ ያለው ነውና። በተለመደው ኑሮ ግን አንድ የተጠመቀ ሰው ይህን መስኮት ሲከፍት እጁ ለምን እንደሄደ ኅሊናውን ይጠይቅ። ቁማር፣ የብልግና ምስል፣ ከትዳር ውጭ የሆነ የስውር ጭውውት በዚህ በር የሚገቡ ከሆነ፣ ይህ መሰወር የእልፍኙ መሰወር አይደለም። አዳም በገነት ዛፎች መካከል የተሰወረው መሰወር ነው (ዘፍ. 3፡8)። ሁለቱ መሰወሮች ከውጭ አንድ ይመስላሉ፤ አንዱ ወደ እግዚአብሔር የገባ፣ ሌላው ከእግዚአብሔር የሸሸ ነው።

፬. ታዲያ የትኛውን እንምረጥ?

ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የወጣቶቹ ጥያቄ ይቀራል፤ የማይከታተለን የትኛው ነው? መልካም ምርጫ አለ፤ ነውር የሌለበት ግን የለም። እያንዳንዱ ብራውዘር ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም እንጀራውን የሚያገኝበት መንገድ አለው። ስለዚህ «ነጻ ነው» የተባለውን ሁሉ «ዋጋውን ማን ይከፍላል?» ብሎ መጠየቅ የአስተዋይ ሰው ልማድ ይሁን።

ክሮም የጎግል ነው፤ የጎግል ዋና ገቢ ደግሞ ማስታወቂያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. የሦስተኛ ወገን ኩኪዎችን ከክሮም አስወግዳለሁ ብሎ የነበረ ሲሆን በ2024 ዓ.ም. ይህን ዕቅዱን ተወ። ሳፋሪ ግን እነዚህን ኩኪዎች ከ2020 ዓ.ም. ጀምሮ በሙሉ ያግዳል። ፋየርፎክስን የሚመራው ሞዚላ ትርፍ የማይሻ ድርጅት ሆኖ ከ2019 ዓ.ም. ጀምሮ የታወቁ መከታተያዎችን ተጠቃሚው ሳይጠይቅ ያግዳል፤ ይሁን እንጂ የገቢው አብዛኛው ክፍል ከጎግል ጋር ካለው የመፈለጊያ ውል የሚገኝ ነው። ብሬቭ መከታተያንና ማስታወቂያን በማገድ የታወቀ ነው፤ ሆኖም በ2020 ዓ.ም. በአንዳንድ የክሪፕቶ ገበያ አድራሻዎች ላይ የራሱን የኮሚሽን መለያ ሲጨምር ተገኝቶ ይቅርታ ጠይቋል። ዳክዳክጎ በ2022 ዓ.ም. ከማይክሮሶፍት ጋር በነበረው ውል ምክንያት የዚያን ኩባንያ አንዳንድ መከታተያዎች እንደማያግድ ታውቆ በዚያው ዓመት አሠራሩን አስተካክሏል። በዚህ አንቀጽ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለዳታ ቁጠባ ሲባል በአገራችን ብዙዎች የሚጠቀሙበት ኦፔራ ሚኒም የራሱ ነገር አለው። ገጹን አሳንሶ የሚያመጣው በኩባንያው ሰርቨር በኩል አሳልፎ ነው። ብር ያተርፍልናል፤ መንገዳችን ግን በሌላ ሰው ግቢ በኩል ያልፋል። ከሁሉ ይልቅ የሚሰውረው ቶር የተባለው ብራውዘር ነው። ጥያቄያችንን በሦስት የተለያዩ ኮምፒዩተሮች በኩል እያቀያየረ ስለሚልክ የላከውንና የተላከበትን አንድ ላይ ማወቅ አስቸጋሪ ነው። መነሻውም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካ የባሕር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ የተሠራ ሥራ ነበር። ዋጋው መዘግየት ነው፤ ብዙ ድረ ገጾችም ከዚያ የመጣውን እንግዳ አይቀበሉትም።

ይህን መንገድ የሞከረ ሰው ሁሉ ድካሙን ያውቀዋል። መከታተያው ሲታገድ ገጹም አብሮ ይበላሻል፤ የሚጫነው ምልክት አይሠራም፤ የተጻፈው መልእክት ከመላኩ በፊት ይጠፋል፤ ሰው መሆናችንን እንድናስመሰክር የትራፊክ መብራትና ብስክሌት ያለባቸውን ሥዕሎች ደጋግመን እንድንለይ እንጠየቃለን፤ የይለፍ ቃላችንን ዛሬ አስገብተን ነገ እንደ ባዕድ እንታያለን። በዚህም ላይ ገና ሳናነብ «ሁሉንም እቀበላለሁ» የሚል ትልቅና ደማቅ ምልክት ይቀርብልናል፤ እምቢታው ግን በትንንሽ ፊደል ከሦስት ገጽ በኋላ ይገኛል። ብዙ ሰው በመጨረሻ ታክቶት ይጫነዋል።

እዚህ ላይ የግብረ ገብ መምህራን የሚያስተምሩትን እናስታውስ። አንድ ሥራ በእውነት የሰው ሥራ የሚባለው በዕውቀትና በነጻ ፈቃድ ሲሠራ ነው፤ አለማወቅ፣ አለማስተዋልና ጫና ደግሞ የሠሪውን ኃላፊነት ይቀንሳሉ (ትምህርተ ክርስቶስ ቁ. 1735)። ሆን ተብሎ ከተዘጋጀ ድካም የተነጠቀ «እሺ» ሙሉ «እሺ» አይደለም። ስለዚህ ታክቶት የተጫነውን ሰው አንወቅሰውም፤ ወቀሳው ይልቁንም ድካሙን ባዘጋጀው ላይ ነው። ነገር ግን ኃላፊነታችን ቀነሰ ማለት ጠፋ ማለት አይደለም። እምቢ የሚለውን ፈልጎ ማግኘት ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል፤ ግማሽ ደቂቃ ትዕግሥት ደግሞ ትንሽ ብትሆንም ምግባር ናት።

ስለዚህ አንድ የብራውዘር ስም ጠርተን «ይህን ያዙ» ከማለት ይልቅ ሦስት ጥያቄዎችን እናቀርባለን። ከማን ይሰውረኛል? ለምን ልሰወር እሻለሁ? ድካሙስ ከምጠብቀው ነገር ጋር ይመጣጠናል? ለተራ ንባብና ለትምህርት የሦስተኛ ወገን መከታተያን በራሱ የሚያግድ አንድ ብራውዘር መያዝና ማስተካከያውን አንድ ጊዜ በጥሞና ማየት ለብዙዎቻችን ይበቃል። ሕይወቱ ወይም እንጀራው በመታየቱ አደጋ ላይ የሚወድቅ ሰው ከዚያ የበረታውን፣ ዘገምተኛም ቢሆን፣ ይምረጥ። የጸጥታ መሣሪያ ለመለዋወጥ ሲሉ ሌሊቱን የሚፈጁም አሉ፤ ከመታየት ፍርሃት የተነሣ ጸሎትንና ቤተሰብን መርሳትም ሌላ ባርነት እንደሆነ ለእነርሱ እንመክራለን።

፭. የሌላውን ገመና የያዝን እኛ

ስለሚያዩን ሰዎች ብዙ ተናገርን፤ እኛ ራሳችን ስለምናየውስ?

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 ዓ.ም. በአሜሪካ በቤተ ክርስቲያን ትልቅ ኃላፊነት የነበራቸው አንድ ካህን ሥራቸውን ለቀቁ። ምክንያቱ አንድ የካቶሊክ ዜና አውታር ከስልክ ፕሮግራም የተሰበሰበና በገበያ የሚሸጥ መረጃ ላይ ተመሥርቶ ስለ ግል ሕይወታቸው ሊያወጣ የተዘጋጀው ዘገባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. ዋሽንግተን ፖስት የተባለው ጋዜጣ፣ በኮሎራዶ የሚገኙ ካቶሊካውያን ያቋቋሙት ማኅበር ካህናትን ለመለየት እንዲህ ያለውን መረጃ ለመግዛት ቢያንስ 4 ሚሊዮን ዶላር እንዳወጣ ገለጠ። ይህን የሠሩት ቤተ ክርስቲያንን እናነጻለን ባዮች ነበሩ።

ይህን ጉዳይ የምናነሣው በማንም ላይ ለመፍረድ አይደለም። ካህን ቃል ኪዳኑን መጠበቅ አለበት፤ በሕፃናትና በደካሞች ላይ የሚደርስ በደልም በምንም መጋረጃ መሸፈን የለበትም፤ ያን መሸፈን ገመና መጠበቅ ሳይሆን የበደል ተባባሪ መሆን ነው። ነገር ግን ጌታችን ስለሚበድል ወንድም የሰጠው ሥርዓት ግልጥ ነው፤ መጀመሪያ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ፣ ቀጥሎ በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ፊት፣ በመጨረሻም ለቤተ ክርስቲያን (ማቴ. 18፡15-17)። በዚህ ሥርዓት ውስጥ የወንድምን ዱካ ከነጋዴ መግዛት የለም። የመጀመሪያው እርምጃ ፊት ለፊት መገናኘት ነው፤ የተገዛ መረጃ ግን ያለ መገናኘት ያጋልጣል።

ይህ የሩቅ አገር ነገር ብቻ አይደለም። በየቁምስናችን የሚደረገውን እንመልከት። የእርዳታ ዱቄት ሲቀበሉ ፎቶግራፍ አንሥተን በቴሌግራም የምናሰራጫቸው ወገኖች ፈቃዳቸውን ጠይቀናቸዋልን? ተራቸውን የሚጠብቁ ሰዎች እምቢ ለማለት ነጻነት ነበራቸውን? የንዑሰ ክርስቲያን ስም፣ ዕድሜና ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ዝርዝር በስንት ሰው ስልክ ላይ ይገኛል? ጸልዩላት ብለን የአንዲትን እናት የሕመሟን ስም ሁለት መቶ ሰው ላለበት ቡድን ስንልክ ያደረግነው ጸሎት ነው ወይስ ወሬ? የሕፃናትን ምስል የምንለጥፍስ ምን ያህል ጊዜ ከወላጆቻቸው ጋር ተነጋግረን ነው? የውጭውን ድርጅት ሰለለን ብሎ የሚያማርር የትምህርተ ክርስቶስ መምህር በእጁ ያለውን ስም ዝርዝር እንደ ንዋየ ቅድሳት መጠበቅ አለበት። ሰው የሚያምነን ገመናውን በእጃችን ሲያኖር ነው።

፮. ሊታይለት የሚገባው

ቤተ ክርስቲያን ስለ መሰወር ያላት ትምህርት ፍጻሜውን የሚያገኘው በምሥጢረ ንስሓ ነው። በዚያ የሚነገረው ነገር ማኅተም አለው፤ ካህኑ በቃልም ሆነ በምልክት፣ በማናቸውም ምክንያት ሊገልጠው አይችልም (የምሥራቃውያን ሕገ ቀኖና ቁ. 733)። በምድር ላይ ከዚህ የጸና ምሥጢር የለም። የሚገርመው ግን ይህ ታላቅ ምሥጢር የተጠበቀው ሰው እንዲደበቅ ሳይሆን እንዲገለጥ ነው። ማኅተሙ የበረታው አንደበት እንዲፈታ ነው። የሚያይ ዓይን ስለማይከተለው ኃጢአተኛው ሁሉን ይናገራል፤ ተናግሮም ይፈወሳል።

በዚህ መለኪያ ማንኛውንም መጋረጃ መመርመር እንችላለን። መልካም መጋረጃ ከሚሸጠን ዓይን ይከልለናል፤ ሊፈውሰን ለሚችል ዓይን ግን ይከፍተናል። ክፉ መጋረጃ ከሚፈውሰን ይከልለናል፤ ለሚሸጠን ይተወናል። ከነጋዴው ተሰውሮ ከሚስቱ፣ ከንስሓ አባቱና ከአምላኩ ጋር በግልጥ የሚኖር ሰው ጓዳውን ጠብቋል። ከእነዚህ ሁሉ ተሰውሮ በነጋዴው መዝገብ ውስጥ ብቻ በሙሉ የታወቀ ሰው ግን ምን ያህል ብቸኛ ነው!

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ ብራውዘራችሁን ስትመርጡ በጥንቃቄ ምረጡ፤ እምቢ ማለት የሚገባችሁን ሳትታክቱ እምቢ በሉ፤ የሰው ገመና በእጃችሁ ሲገባ እንደ ሴምና እንደ ያፌት ፊታችሁን አዙራችሁ ሸፍኑ። በሩን ከዘጋችሁ በኋላም በእልፍኙ ውስጥ ብቻችሁን እንዳልሆናችሁ አስቡ። በስውር የሚያየው አባት የሚያየን በፍቅር እንጂ ሊሸጠን አይደለም።